ታንኩ፣ መነጽሩና ያልታየው አስካሪ

ተጠራጣሪ፦ ያለፈ ዘመን ጦርነትን የሚተርክ ፊልም ከሌላው ፊልም የሚለየው ተመልካቹ ሁለት ነገር በአንድነት እንዲያምንለት ስለሚሻ ነው፤ አንደኛው በስክሪኑ ላይ የሚታየው ድርጊት ሳይቆራረጥ በዓይኑ ፊት እየተፈጸመ መሆኑን፣ ሁለተኛው ደግሞ ያው ድርጊት ከብዙ ዓመታት በፊት በእርግጥ ተፈጽሞ የነበረ መሆኑን ነው። የመጀመሪያውን እምነት የሚያፈርሰው የፊልም ሰዎች የኮንቲኒዩቲ ስሕተት የሚሉት ነው፤ ይኸውም በአንዱ ቀረጻ በቀኝ ትከሻ ላይ የነበረ ጠመንጃ በሚቀጥለው ቀረጻ ግራ ትከሻ ላይ ሲገኝ፣ ወይም ሩብ ሰዓት በማይፈጅ ተኩስ ውስጥ የተዋጊዎቹ ጥላ አንዴ ሲረዝም አንዴ ሲያጥር የሚታየው መፋለስ ነው። ሁለተኛውን እምነት የሚያፈርሰው የዘመን ስሕተት ነው፤ ገና ያልተሠራ መሣሪያ፣ ገና ያልተሰፋ ልብስ፣ ገና ያልወጣ ስም በታሪኩ ውስጥ ሲገባ ማለት ነው። ለዚህ ምሳሌ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያሻም። የዱባይ ሜትሮ ቀይ መስመር እ.ኤ.አ. በመስከረም 2009 ሲከፈት በአል ራሺዲያ በኩል ያለው የመጨረሻ ጣቢያ ስሙ ራሺዲያ ነበር፤ ከ2021 ወዲህ ግን ያው ጣቢያ ሴንተርፖይንት ተብሎ ይጠራል። በ2012 ከአዲስ አበባ መጥታ በዚያ ሰፈር ሥራ የጀመረች ሴት ታሪክ ቢቀረጽና ከጣቢያው በር ላይ "ሴንተርፖይንት" የሚል ጽሑፍ ቢነበብ፣ በሰፈሩ የኖረ ሰው ሁሉ በዚያች ቅጽበት ከታሪኩ ወጥቶ የዳይሬክተሩን ቸልተኝነት ማሰብ ይጀምራል። የትናንት ያህል ቅርብ የሆነ ዘመን እንዲህ ካጋለጠ፣ መቶ ዓመት ወደ ኋላ የሚመለስ ፊልም ምን ያህል ጥንቃቄ ይጠበቅበታል?

ጠበቃ፦ ያ ሰው ከታሪኩ መውጣቱ አይካድም፤ ነገር ግን ከአንድ ደቂቃ በኋላ ተመልሶ ይገባል። ተመልካች ከስሕተት ጋር የሚኖርበት ውል አለው፤ ውሉም ከጣቢያ ስም እጅግ የሚከብዱ ነገሮችን ይቅር የሚል ነው። በዓረቡ ዓለም ሁሉ የታወቀውን፣ ሶሪያ ተወልዶ አሜሪካ የሠራው ሙስጠፋ አል አቃድ በ1981 ያቀረበውን "የበረሃው አንበሳ" የተሰኘ ፊልም መመልከት ይበቃል። ፊልሙ በሊቢያ ምሥራቃዊ ክፍል፣ በሲሬናይካ፣ ከ1929 እስከ 1931 የተደረገውን የኡመር ሙክታርን ተጋድሎ ይተርካል። ኡመርን የሚጫወተው በሜክሲኮ የተወለደው አንቶኒ ኩዊን፣ ሮዶልፎ ግራዚያኒን የሚጫወተው እንግሊዛዊው ኦሊቨር ሪድ፣ ሙሶሊኒን የሚጫወተው አሜሪካዊው ሮድ ስታይገር ነው፤ የሊቢያ ዘላንም የሮም ጄኔራልም የሚናገሩት እንግሊዝኛ ነው። ከዚህ የሚበልጥ የታሪክ ስሕተት የለም፤ ሆኖም ትሪፖሊ ውስጥም ካይሮ ውስጥም ኡመር ሙክታር እንግሊዝኛ ይናገር ነበር ብሎ ከፊልሙ የተመለሰ ሰው አይኖርም። አቃድ ከዚያ በፊት በ1976 ባወጣው "መልእክቱ" በተሰኘው ፊልምማ ያንኑ ታሪክ ሁለት ጊዜ ነው የቀረጸው፤ አንዱን በእንግሊዝኛ፣ አንዱን በዓረብኛ፣ በተለያዩ ተዋናዮች። ሐምዛ በአንዱ ቅጂ አንቶኒ ኩዊን ነው፣ በሌላው ግብፃዊው አብደላ ጌት። ሁለቱንም ያየ ሰው ትክክለኛው ሐምዛ የትኛው ነው ብሎ ሲጨነቅ አይታይም።

ተጠራጣሪ፦ ቋንቋና የተዋናይ ፊት ከመጀመሪያው ትዕይንት ጀምሮ በግልጽ የታወቁ ስምምነቶች ናቸው፤ ተመልካቹ እየሰማና እያየ ተስማምቶ ይገባል። የዘመን ስሕተት ክፋቱ ግን ሳይታወቅ መግባቱ ላይ ነው። "የበረሃው አንበሳ" ግራዚያኒን ታንክ ሲያሰማራ ያሳያል። የጣሊያን ጦር በ1920ዎቹ የነበረው ታንክ ከፈረንሳዩ ሬኖ የተቀዳው ዘገምተኛው ፊያት 3000 ነበር፤ በቅኝ ግዛት ጦርነቶች ስሙ የገነነው ቀላሉ ታንክ፣ ሲቪ 33 የተባለው፣ ስሙ እንደሚያመለክተው የ1933 ሥራ ነው። ኡመር ሙክታር የተሰቀለው ደግሞ መስከረም 16 ቀን 1931 ነው። ፊልሙን አይቶ የሚመለስ ወጣት ግን የሊቢያ አርበኞች በዋነኛነት በታንክ እንደተሸነፉ አድርጎ ያስታውሳል፤ ማንም አላስጠነቀቀውምና። የሲሬናይካን ተቃውሞ የሰበረው ከሁሉ በላይ ሌላ ነገር ነበር፤ ወደ 100 ሺህ የሚጠጋ ሕዝብ ከአረንጓዴው ተራራ ተነቅሎ በበረሃ ማጎሪያ መታሰሩና በግብፅ ድንበር በኩል ወደ 270 ኪሎ ሜትር የሚደርስ የእሾህ ሽቦ አጥር መዘርጋቱ ነው።

ጠበቃ፦ ማጎሪያውንም አጥሩንም ፊልሙ ያሳያል፤ ያውም የጣሊያን የትምህርት መጻሕፍት ስለ ሁለቱ ዝም ባሉበት ዘመን። የጣሊያን መንግሥት ፊልሙን በ1982 የከለከለው የሠራዊቱን ክብር ይነካል በሚል ነበር፤ ታንኩ ዘመኑን አልጠበቀም ብሎ አልነበረም። በዚያ አገር በቴሌቪዥን የታየው ሙዓመር ጋዳፊ በ2009 ሮምን በጎበኘ ጊዜ ነው። አንድ ፊልም የታንኩን ዓመት ስቶ የማጎሪያውን ነገር ከተናገረ፣ የስሕተቱን ዝርዝር ይዞ የሚመጣ ሰው ሚዛኑን ከየትኛው ወገን እንደጫነው ራሱን ቢጠይቅ ይገባዋል። በአል ራሺዲያ ከሱዳናዊ፣ ከግብፃዊና ከሊቢያዊ ጋር በአንድ ሕንፃ የሚኖር ኢትዮጵያዊም ይህን ፊልም ሲያይ ዓይኑ የሚያርፈው በታንኩ ሰንሰለት ላይ አይደለም፤ በግራዚያኒ ፊት ላይ ነው። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ሕዝብ ያስጨረሰው ሰው ከዚያ በፊት የት ሠልጥኖ እንደመጣ የሚያሳየው፣ በስፋት የታወቀ ፊልም ከዚህ ሌላ ማግኘት ይከብዳል።

ተጠራጣሪ፦ ያ ኢትዮጵያዊ ግን ከግራዚያኒ ፊት አጠገብ ሊያየው የሚገባ ሌላ ፊት ነበረ። ከጥር 1929 ጀምሮ የሁለቱ የሊቢያ ክፍሎች ገዥ የነበረው ፒዬትሮ ባዶሊዮ ነው፤ በ1929 አጋማሽ ከኡመር ሙክታር ጋር ፊት ለፊት የተደራደረውም፣ በሰኔ 1930 የተራራው ሕዝብ እንዲነቀል ያዘዘውም እሱ ነው። በፊልሙ የድርድሩ ሸክም የወደቀው ዲዮዲቼ በተባለ አዛኝ ኮሎኔል ላይ ሲሆን ክፋቱ ሁሉ ወደ ግራዚያኒ ተጠቃሏል። ብዙ ሰዎች የሠሩትን ለአንድ ገጸ ባሕርይ መስጠት ድርሰትን ያቀልል ይሆናል፤ ነገር ግን ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ የገባው የሰሜን ግንባር አዛዥ ያው ባዶሊዮ መሆኑን ለሚያውቅ ተመልካች ይህ ከታንክ የከፋ ግድፈት ነው።

ጠበቃ፦ የባዶሊዮ ነገር እውነት አለው። ሆኖም ኢትዮጵያውያን ራሳቸው ስለ ጦርነት ሥዕል የያዙት ልማድ ለዚህ ዓይነቱ ጥብቅነት የሚመች አይደለም። የዓድዋን ጦርነት በሸራ ላይ የሣሉት ባህላዊ ሠዓልያን ቅዱስ ጊዮርጊስን በነጭ ፈረስ ከሰማይ አውርደው ያዋጉታል፤ ውጊያው የተደረገው የካቲት 23፣ በጊዮርጊስ ዕለት ነውና። ምኒልክና ጣይቱ፣ ነጋሪቱና መድፉ፣ የጠዋቱ ግጥሚያና የቀኑ ሽሽት በአንድ ሸራ ላይ በአንድ ጊዜ ይታያሉ። የወገን ፊት በሁለት ዓይኑ ወደ ተመልካቹ ያያል፤ ጠላት በጎኑ ተሥሎ ባለ አንድ ዓይን ይሆናል። በኮንቲኒዩቲ ሕግ ከተመዘነ ከዚህ ሥዕል የሚተርፍ አንዲት ጥግ አትኖርም፤ ሆኖም ስለ ድሉ ሕዝቡ ምን እንደተሰማው ከዚህ ሥዕል የበለጠ የሚናገር ሰነድ ማግኘት ያስቸግራል።

ተጠራጣሪ፦ ሥዕሉ የሚተማመንበት ነገር እዚያው ሸራው ላይ ተጽፏል፤ በሰማይ ላይ ያለ ፈረሰኛ ያየ ሰው ሠዓሊው የዓይን ምስክርነት እየሰጠው እንዳልሆነ ወዲያው ያውቃል። ካሜራ ግን ያለ ፊርማ የሚመሰክር መሣሪያ ነው። ጂሎ ፖንቴኮርቮ በ1966 "የአልጀርስ ጦርነት"ን ሲሠራ ምስሉን ሆን ብሎ የዜና ፊልም አስመሰለው፤ መምሰሉም እጅግ ከመሳካቱ የተነሳ አንዲት ስንዝር የዜና ፊልም እንኳን ሥራ ላይ አለመዋሉን የሚገልጽ ማሳሰቢያ አብሮ መቅረብ አስፈልጎት ነበር። ሠዓሊ እንዲህ ያለ ማሳሰቢያ ጽፎ አያውቅም፤ አያስፈልገውማ። ስለዚህ ለሥዕል የተፈቀደው ሁሉ ለፊልም ተፈቅዷል ማለት አይቻልም።

ጠበቃ፦ እንግዲያስ ይቅር የሚባለውንና የማይባለውን ስሕተት የሚለይ መስፈርት ያስፈልጋል። አንድ መስፈርት ሊቀርብ ይችላል፤ ስሕተቱ የድርጊቱን ምክንያት ይነካል ወይስ አይነካም? ሜል ጊብሰን በ1995 በሠራው "ብሬቭሃርት" የስኮትላንድ ተዋጊዎች ፊታቸውን ሰማያዊ መቀባታቸው፣ በዘመናቸው ያልነበረ ቀሚስ መልበሳቸው የልብስ ስሕተት ነው፤ ይታለፍ። የስተርሊንግ ድልድይ ጦርነትን ያለ ድልድይ ማሳየት ግን ሌላ ነገር ነው። በመስከረም 1297 እንግሊዞች የተሸነፉት በጠባብ ድልድይ ጥቂት ጥቂት እየሆኑ ሲሻገሩ ስለተያዙ ነው፤ ድልድዩ ሲነሳ ድሉ የዕድልና የጩኸት ውጤት ይሆናል። ዓድዋም እንዲሁ ነው። የጣሊያኑ አዛዥ የባራቲዬሪ ንድፍ ካርታ ኪዳነ ምሕረት የተባለውን ኮረብታ ከቦታው ውጭ ስላስቀመጠው፣ የአልቤርቶኔ ብርጌድ እውነተኛውን ኪዳነ ምሕረት ሲፈልግ ከሌሎቹ ተነጥሎ ብዙ ኪሎ ሜትር ወደ ፊት ሄደ፤ በንጋትም ብቻውን ከኢትዮጵያ ጦር ጋር ተፋጠጠ። ዓድዋን በሜዳ ላይ የሚቀርጽ ዳይሬክተር ልብሱን ሁሉ አስተካክሎ ቢያለብስ እንኳን ጦርነቱን አላሳየም፤ ተራሮቹን ትክክል ያደረገ ግን አንዱ ተዋናይ የእጅ ሰዓቱን ሳያወልቅ ቢቀረጽ ይማርለታል።

ተጠራጣሪ፦ መስፈርቱ ጥሩ ነው፤ ችግሩ ግን ልብስ የሚመስለው ነገር ሲመረመር ብዙ ጊዜ ምክንያት ሆኖ መገኘቱ ነው። ታንኩ ራሱ ምስክር ይሁን። ሲቪ 33 ሦስት ቶን ገደማ የሚመዝን፣ ሁለት ሰው የሚይዝ፣ የሚሽከረከር ማማ የሌለው ታንክ ነው፤ መትረየሱ የሚተኩሰው ወደ ፊት ብቻ ነው። በታኅሣሥ 1935 የራስ እምሩ ጦር ተከዜን ተሻግሮ ሽሬ ውስጥ ደምበጊና ላይ የጣሊያንን ታንኮች ሲገጥም፣ እግረኛው ከኋላና ከጎን ተጠግቶ በቅርብ ርቀት ሊያጠቃቸው የቻለበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነበር። የደምበጊናን ውጊያ የሚቀርጽ ሰው ከመጋዘን ያገኘውን ማማ ያለው ታንክ ቢያሰልፍ፣ ለማንኛውም ተራ ተመልካች ታንክ ታንክ ነው፤ ነገር ግን ዙሪያውን መተኮስ የሚችል ታንክን በጎራዴ የሚጠጋ አርበኛ ወይ እብድ ይመስላል ወይ ተአምረኛ። አርበኛው ግን የመሣሪያውን ድክመት አይቶ ያሰበ ወታደር ነበር። የብረቱ ስሕተት የሰውየውን አእምሮ ነጠቀው ማለት ነው።

ጠመንጃውም እንዲሁ ነው። በዓድዋ በኢትዮጵያውያን እጅ ከነበሩት መካከል ፈረንሳይ ሠራሹ ውጅግራና ሬሚንግተን ይገኙባቸዋል፤ ከሬሚንግተኖቹም ጥቂት የማይባሉት ጣሊያን ራሷ በውጫሌ ውል ሰሞን ለምኒልክ የሰጠቻቸው ነበሩ። የአልባሳትና የቁሳቁስ ኃላፊው በዚህ ፈንታ በ1930ዎቹ የመጣውን ቤልጅግ ቢያስይዛቸው፣ ወዳጅ መስላ ያስታጠቀች አገር በገዛ ጠመንጃዋ መመታቷን የሚናገረው ታሪክ በዝምታ ይጠፋል። ሰንደቅ ዓላማውም አለ። ሦስቱ ቀለማት በአንድ አራት ማዕዘን ጨርቅ ተሰፍተው በይፋ የታወቁት ከድሉ በኋላ በ1897 ነው፤ በጦርነቱ ዘመን የሚታወቁት ለየብቻ የሚውለበለቡ ረጃጅም ሰንደቆች ነበሩ። ዛሬ የሚሠራ ፊልም ባለ ሦስት ቀለሙን ጨርቅ በምኒልክ ድንኳን ላይ ቢተክል፣ ድሉ የወለደውን ነገር ድሉን እንደወለደ አድርጎ ያቀርባል።

ጠበቃ፦ በዚህ አካሄድ እያንዳንዱ አዝራር ምክንያት ይሆንና ፊልም መሥራት ይቀራል። ፈጠራም የራሱ እውነት እንዳለው መዘንጋት የለበትም። የኡመር ሙክታርን መነጽር መውሰድ ይቻላል። ከመያዙ አንድ ዓመት ገደማ በፊት በአንድ ግጭት መነጽሩ ወድቆ በጣሊያኖች እጅ እንደገባ፣ ግራዚያኒም ዛሬ መነጽሩን ነገ ራሱን እናገኛለን ማለቱ ይነገራል። አቃድ ይህን ቁራጭ ብርጭቆ ይዞ አይለቀውም፤ ከጦር ሜዳ ወደ ግራዚያኒ ጠረጴዛ፣ ከጠረጴዛው ወደ ሽማግሌው እጅ፣ በመጨረሻም ከስቅላቱ ሥር ወደ አንድ ሕፃን እጅ ያደርሰዋል። ስክሪፕት ሱፐርቫይዘር የሚባለው ባለሙያ፣ ማለትም በቀረጻዎች መካከል እያንዳንዱ ዕቃ የት እንደነበረ የሚመዘግበው ሰው፣ በዚህ ፊልም ውስጥ ከሁሉ በላይ የተጠነቀቀለት ዕቃ መነጽሩ ሳይሆን አይቀርም። ሕፃኑ ፈጠራ ነው፤ ትግሉ ከአንድ ትውልድ ወደሚቀጥለው መተላለፉን ግን ከዚያ ትዕይንት የተሻለ የሚናገር ሰነድ የለም።

ሰሚ፦ በሁለቱም ወገን እስካሁን የተነገረው በስክሪኑ ላይ ስላለ ነገር ነው፤ ታንኩ አለ፣ መነጽሩ አለ፣ ሰንደቁ አለ። በስክሪኑ ላይ ስለሌለው ሰው ግን የተናገረ የለም። ግራዚያኒ በሲሬናይካ ሲዋጋ ከሠራዊቱ ዋነኛ ክፍል አንዱ የኤርትራ ሻለቆች የሚባሉት ነበሩ፤ በእነዚህም ውስጥ ከመረብ ወዲያ ማዶ የመጡ ብቻ ሳይሆን ከመረብ ወዲህ፣ ከትግራይም የተቀጠሩ ሐበሾች ነበሩ። አስካሪ የሚባሉት እነሱ ናቸው፤ ለቅኝ ገዥ መንግሥት በደሞዝ የሚያገለግሉ የአገሬው ተወላጅ ወታደሮች። አባ ገብረየሱስ ኃይሉ በ1927 በትግርኛ የጻፉትና በ1950 የታተመው "ሓደ ዛንታ" የተሰኘ ልብ ወለድ የሚተርከው ስለ እነዚሁ፣ የራሳቸው ባልሆነ በረሃ የራሳቸው ጠላት ያልሆነን ሕዝብ ሊወጉ ስለ ተሻገሩ ሰዎች ነው። "የበረሃው አንበሳ" ከዋና ገጸ ባሕርያቱ አንዱን እንኳን ለአስካሪ አልሰጠም። በአል ራሺዲያ ያ ኢትዮጵያዊ ከሊቢያዊው ጎረቤቱ ጋር ፊልሙን ሲያይ ሁለቱም በግራዚያኒ ተበዳይ ሆነው ጎን ለጎን ይቀመጣሉ፤ ነገሩ ግን ከዚያ የተወሳሰበ ነበር።

ጠበቃ፦ ይህ የተጠራጣሪውን ዘዴ ከሥሩ የሚያናጋ ነጥብ ነው። ስሕተት ለቃሚ የሚያየው የተገኘውን ነው፤ የጎደለ ሰው ሰዓት አያስርም፣ ያለ ዘመኑ ጠመንጃ አይዝም፣ ስለዚህ በማንኛውም ዝርዝር ውስጥ አይገባም። እንዲያውም በዝርዝር ደረጃ እንከን የሌለበት ፊልም ከሁሉ የከፋ ውሸታም ሊሆን ይችላል። በ1938 በቬኒስ የሙሶሊኒን ዋንጫ ከተሸለሙት አንዱ የጎፍሬዶ አሌሳንድሪኒ "ሉቻኖ ሴራ አብራሪው" ነበር፤ የሥራው ተቆጣጣሪ ደግሞ በኢትዮጵያ ሰማይ ላይ ቦምብ ጣይ አውሮፕላን ያበረረው የዱቼው ልጅ ቪቶሪዮ ሙሶሊኒ። ፊልሙ በወረራው ማግስት እዚያው ኢትዮጵያ መሬት ላይ የተቀረጸ በመሆኑ መልክዓ ምድሩ እውነተኛ ነው፤ አውሮፕላኑና የደንብ ልብሱም የዚያው ዘመን ናቸው። በዘመን ስሕተት ሊከሰስ አይችልም። የሰናፍጭ መርዝ ጋዝ ግን የለበትም፤ ወረራው ለአንድ ጣሊያናዊ አባት የመሥዋዕትነት መድረክ ሆኖ ቀርቧል።

ተጠራጣሪ፦ የቁሳቁስ ትክክለኛነት ለእውነት በቂ ነው ብሎ የተከራከረ የለም። የፋሺስቱ ፊልም የሚያሳየው ተቃራኒውን ነው፤ ውሸታሙ እንኳን ለመታመን እውነተኛ አውሮፕላን አስፈልጎታል። የሰሚው ነጥብ ግን በዘዴው ላይ ከመፍረድ ይልቅ ጠበቃው ባቀረቡት መስፈርት ላይ ይፈርዳል። ስሕተቱ ምክንያትን ይነካል ወይ ከተባለ፣ የአስካሪው መቅረት ከድልድዩ መቅረት ይብሳል። ጣሊያን ከ1911 ጀምሮ ሊቢያ ውስጥ ሃያ ዓመት መዋጋት የቻለችበት አንዱ ምክንያት የሚሞተው ሁልጊዜ የገበሬ ልጅ ከሲሲሊ ወይም ከካላብሪያ ስላልነበረ ነው፤ በአስካሪ ሞት ሮም ውስጥ ምክር ቤት አይናወጥም፣ መንግሥት አይወድቅም። ዓድዋ ላይ የሆነውና ጠቅላይ ሚኒስትር ክሪስፒን ከሥልጣን ያወረደው ነገር እንዳይደገም የተዘየደ መላ ነበር። አስካሪውን ያወጣ ፊልም ጦርነቱ ለምን ሃያ ዓመት እንደቆየ ሊያስረዳ አይችልም፤ ያለው መንገድ የግራዚያኒን ጭካኔና የታንኩን ብዛት ማጋነን ብቻ ነው። እንግዲህ ታንኩ ከዘመኑ ቀድሞ የመጣበት ምክንያትም በከፊል ይኸው ሳይሆን አይቀርም፤ የጎደለውን ሰው ቦታ ብረት ሞላው።

ሰሚ፦ ሒሳቡ በአንድ ወገን አያበቃም። በሚያዝያ 1936 ግራዚያኒ ከሶማሊያ ተነሥቶ ወደ ሐረር ሲገፋ፣ በጄኔራል ናሲ አዛዥነት ኦጋዴን ውስጥ የተዋጋለት የሊቢያ ክፍለ ጦር ነበር። በትናንቱ የሲሬናይካ ጦርነት ሐበሻው ሊቢያዊውን ወጋ፤ ከአምስት ዓመት በኋላ ሊቢያዊው ሐበሻውን ወጋ፤ አዛዡ አንድ ሰው ነው።

ጠበቃ፦ ያን ፊልም ማን ይከፍልበታል? "የበረሃው አንበሳ"ን ወደ 35 ሚሊዮን ዶላር አውጥቶ ያሠራው የጋዳፊ መንግሥት ነው፤ ገንዘቡን የሰጠ መንግሥት ጀግናውን ይፈልጋል፣ ከጀግናው አጠገብ የቆመውን ቅጥረኛ አይፈልግም። በባሕረ ሰላጤውም ያለው እንዲሁ ነው። የአቡዳቢው ኢሜጅ ኔሽን በ2021 "አል ከሚን"ን፣ ማለትም "ደፈጣው"ን፣ ሲያወጣ ታሪኩ የመን ውስጥ በ2018 የተከበቡ የኤምሬትስ ወታደሮች ታሪክ ነበር፤ ካሜራውም ከእነሱ ጋር ነው የሚከበበው፣ ከከባቢዎቹ ጋር አይደለም። ይህ በየትኛውም አገር የጦር ፊልም የሚሠራበት ተፈጥሮ ነው እንጂ የአንድ ዳይሬክተር ግድፈት ተብሎ የሚመዘገብ አይደለም። የፊልም ተቺ ከፊልሙ የሚጠይቀው እንዲሠራ የታሰበውን ነው፤ ያልታሰበውን ፊልም ባለመሥራቱ መክሰስ ማለቂያ የለውም።

ተጠራጣሪ፦ ገንዘብ ለምን እንደጎደለ ያስረዳል፤ አለመጉደሉን ግን አያረጋግጥም። ደግሞም ጥያቄው የሌሎችን ፊልም ብቻ የሚመለከት ከሆነ ቀላል ነው። ኃይሌ ገሪማ በ1999 ያቀረበው "ዓድዋ" ዘጋቢ ፊልም ነው፤ የሽማግሌዎችን ትዝታና የሠዓልያንን ሸራ ተከትሎ ስለሄደ ጦርነቱን በተዋናይ የማስመሰል ዕዳ አልገባበትም። ዓድዋን በልቦለድ ፊልም፣ በሺሕ በሚቆጠር ሠራዊት የሚቀርጽ ሰው ግን አንድ ቀን መምጣቱ አይቀርም፤ ኪዳነ ምሕረትን በቦታው ያስቀምጥ፣ ውጅግራውን ያስይዝ፣ ባለ ሦስት ቀለሙን ጨርቅ ከድንኳኑ ያውርድ። ተነጥሎ የሄደው የአልቤርቶኔ ብርጌድ ግን በአብዛኛው የአስካሪዎች ብርጌድ ነበር። ከተማረኩት አስካሪዎች ውስጥ ወደ 800 የሚሆኑት እንደ ከሐዲ ተቆጥረው ቀኝ እጃቸውና ግራ እግራቸው ተቆርጧል፤ ከጦርነቱ በኋላ በአካባቢው የተዘዋወረው እንግሊዛዊው ኦገስተስ ዋይልድ ጽፎታል፣ የኢትዮጵያ ታሪክ ጸሐፊዎችም አልካዱትም። ያ ትዕይንት በፊልሙ ይገባል ወይስ አይገባም?

ጠበቃ፦ ቢገባ አንዱ ትዕይንት አዲስ አበባ ላይ አንድ፣ አስመራ ላይ ሌላ ፊልም ይሆናል፤ በአል ራሺዲያ አንድ ቤት ተከራይተው አብረው የሚኖሩ የሁለቱ አገር ልጆች ፊት ለፊት ሲታይ ደግሞ ሦስተኛ። ሁለት ሰዓት ተኩል በሚፈጅ ፊልም ውስጥ ሦስት ደቂቃ የሚወስድ የቅጣት ትዕይንት የቀረውን ሁሉ ይውጠዋል፤ ከአፍሪካ ታላቅ ድል ተመልካቹ ይዞ የሚሄደው የተቆረጠ እጅን ነው። ይህ መመጣጠን የማጣት ስሕተት ነው፤ ከዘመን ስሕተት አይተናነስም።

ተጠራጣሪ፦ መመጣጠኑን የሚመልሰው ትዕይንቱን ማውጣት ሳይሆን ከፊቱ ያለውን መጨመር ነው። እ.ኤ.አ. ከ1888 እስከ 1892 የዘለቀው ክፉ ቀን ከብቱን ጨርሶ ገበሬውን ባዶ እጁን አስቀርቶት ነበር፤ የጣሊያን መንግሥትም በዚያው ሰሞን ከኤርትራ ደጋ መሬት እየነጠቀ ለሰፋሪ ያዘጋጅ ነበር። አስካሪው ደሞዝ ፍለጋ የሄደው ከዚያ ነው። እሱን ከመቁረጫው ቦታ ላይ ብቻ የሚያሳየው ፊልም በእርግጥ ሚዛን ይስታል፤ በሬው ሲሞትበት ጀምሮ የሚያሳየው ግን ምክንያቱን አሟልቷል።

ሰሚ፦ ያን ጊዜ ፊልሙ የሚጀምረው ከዓድዋ ሳይሆን ከአንድ ሐማሴን ገበሬ በረት ነው ማለት ነው።

ጠበቃ፦ ከበረት የሚጀምር ከሆነ ምኒልክ የሚመጣው በሁለተኛው ሰዓት ነው፤ ለዚያ ፊልም ገንዘብ የሚሰጥ መንግሥትም ሆነ ባለ ሀብት እስኪገኝ ድረስ ደግሞ ሌላ ሰው ሜዳማ ቦታ ላይ ዓድዋን ቀርጾ ይጨርሳል።